ላዩ ፒቪሲ፣ ውስጡን ለቄስ!

ጊዜው ተለውጧል ጎበዝ! ድሮ የሰው ቤት የሚገመገመው በሳሎኑ ነበር። ሶፋው፣ ቡፌው፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ጣል የተደረገው ዳንቴል... ዛሬ ግን እንግዳው «እስቲ እጄን ልታጠብ» ብሎ ብድግ ሲል ነው የባለቤቷ ልብ ድው ድው የሚለው። መታጠቢያ ቤቱ ካማረ ቤቱ በሙሉ አማረ ማለት ነው። ግድግዳው ላይ ያ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ ደግሞ አለቀ! ሐሜቱ ጫማ ሳይጠለቅ ይጀመራል።

ለዚህ ጭንቀት መድኃኒት ነው ተብሎ የመጣው በየሱቁ በር ላይ ተደግፎ የሚያብረቀርቀው የግድግዳ ልባስ ነው። ፒቪሲ የምንለውን ማለቴ ነው። እብነበረድ የሚመስል አለ፣ እንጨት የሚመስል አለ፣ አበባ የተሣለበት አለ። ሻጩ የሃይላንድ ውሃውን ያነሳና ላዩ ላይ ያፈስበታል። ውሃው ኮለል ብሎ ይወርዳል። «አየሽ እህቴ? ውሃ አይነካው፣ ምስጥ አይበላው፣ ቀለም አይፈልግ!»

ልጁ አልዋሸም። ያለው ሁሉ እውነት ነው። ግን ልብ በሉ፤ የነገረን ስለ ልባሱ ብቻ ነው። ልባሱ ስለሚሸፍነው ግድግዳ አንድም ቃል አልተነፈሰም። የዛሬው ወጌ እሱ ስላልነገረን ነገር ነው። በተለይ እንደኔ ከኢሉባቦር ከተሞች ከሆናችሁ፣ ከኡካ፣ ከመቱ፣ ከጎሬ፣ ከቡሬ፣ ጠጋ በሉ። የሌላ አገር ሰዎችም ብትሆኑ አትሂዱ፤ መጨረሻ ላይ እናንተ ቤትም እመጣለሁ።

በመጀመሪያ ዝናቡን እንወቀው

እኛ አገር ስለ እርጥበት ማውራት ዓሣን ስለ ውሃ እንደማስተማር ነው። ቢሆንም ቁጥሩን አንዴ እንየው። አዲስ አበባ በዓመት የሚጥለው ዝናብ 1200 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ጎሬ ላይ ግን 2000 ሚሊሜትር ገደማ ይጥላል። ደግሞ የእኛ ዝናብ እንደ ሸገር ዝናብ ሰኔን አይጠብቅም። መጋቢት፣ ሚያዝያ ላይ ይጀምርና እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ቡናችንን የሰጠን እሱ ነው። ዩኔስኮ በ2010 (እ.ኤ.አ.) በባዮስፌርነት የመዘገበውን የያዮን የቡና ደን ያበቀለውም እሱ ነው። ለደን የሚስማማ ዝናብ ግን ለጭቃ ግድግዳ አይስማማም።

አሁን ሂሳብ እንሥራ። 2000 ሚሊሜትር ማለት 2 ሜትር ነው። ቆርቆሮ ጣሪያችሁ 30 ካሬ ሜትር ቢሆን በዓመት 60 ሜትር ኩብ ውሃ ይቀበላል። በሊትር 60,000፣ ባለ 200 ሊትር በሆነው በርሜል ደግሞ 300 በርሜል! ጣሪያው ወደ ሁለት ጎን የሚያፈስ ከሆነና አሸንዳ ከሌለው፣ በእያንዳንዱ ጎን 150 በርሜል ውሃ ግድግዳው እግር ሥር ይወርዳል። መሬት ላይ ያርፍና መልሶ ግድግዳውን ይረጨዋል። የቀረው ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ከሥር ደግሞ ወደ ላይ ይሳባል።

እንግዲህ እኛ ከውስጥ በኩል በሻወር የምንረጨው ሁለት ባልዲ ውሃ ከዚህ ጋር ሲተያይ ምንድነው? ሰው ሁሉ ግን የሚፈራው ሁለቱን ባልዲ ነው። 150ውን በርሜል የሚያስታውሰው የለም።

የእኛ ቤት ጉዳይ

እናቴ የምትኖረው ኡካ ነው። ቤቷ የእንጨትና የጭቃ ቤት ነው፤ ደህና ቤት ነው፤ እኛን ሁሉ ያሳደገ ቤት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጓሮ በኩል ተቀጥላ ጠባብ ሻወር ቤት ተሠራችላት። ግድግዳዋ እሱው ጭቃ ሆኖ ላዩን በስሱ በሲሚንቶ የተለሰነ ነበር። እማዬ ጉልበቷን ያማታል። ማታ ማታ በዝናብ፣ በዚያ በሚያንሸራትት ቀይ አፈር ላይ ወደ ውጭ እንዳትወጣ ተብሎ ነው የተሠራችው።

ሁለት ክረምት አለፈ። ልስኑ መሰነጣጠቅ ጀመረ፤ ቀጥሎ እንደ ቂጣ እየተነሳ መርገፍ። ጥግ ጥጉን ሻጋታ ያዘው። በረኪና ብናፈስበት ሳምንት ይጠፋና ተመልሶ ይመጣል።

ታላቅ እህቴ አረብ አገር ናት። በሰው ቤት ትሠራለች። ስለ ሻወር ቤቱ ስትሰማ የስንት ወር ደሞዟን አጠራቅማ ላከች። «እንዳትቆጥቡ። ከላይ እስከ ታች ነጭ የሚያብረቀርቅ ይሁን። ኮርኒሱም ጭምር። ሲያልቅ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ።» ትእዛዟ ይኸው ነበር። ወሩ የካቲት 2017 ነው። ዝናቡ ሊጀምር ሳምንታት ቀርተውታል። ብሩም፣ ጊዜውም፣ ሁለተኛ ዕድል የማይሰጥ ዓይነት ነበር።

ስለ ብሩም አንድ ነገር ልበል። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ ብር የሚላክለት ሰው «አበጀሁ» ብሎ ነበር። ግን ፒቪሲውም፣ ሴራሚኩም፣ ቧንቧውም፣ የሚበዛው በዶላር ነው የሚመጣው። በአንድ እጅ የሰጠውን በሌላው ተቀበለን። ስለዚህ እያንዳንዱ ሳንቲም መታሰብ ነበረበት። የእሷ ላብ ነዋ!

ሱቅ ውስጥ ምን አለ?

መቱ ወረድኩና ከሱቅ ሱቅ ዞርኩ። ያየሁትንና የጠየቅሁትን በየተራ ላካፍላችሁ፤ ይጠቅማችኋል።

ቺፕውድና ኤምዲኤፍ፦ ላያቸው የተለበጠው ላስቲክ መሰል ነገር ያምራል። ውስጣቸው ግን በሙጫ የተጣበቀ የእንጨት ብናኝ ነው። ውሃ በተቆረጠበት ጠርዝ ወይም በሚስማሩ ቀዳዳ ከገባ እንደ ዳቦ ያብጣሉ። ካበጡ በኋላ ቢደርቁም ወደ ድሮው አይመለሱም። ውስጡ አረንጓዴ የሆነ «እርጥበት ይችላል» የሚባል ዓይነትም አለ። ለወጥ ቤት ቁም ሳጥን ይሁን፤ ውሃ በቀጥታ ለሚያርፍበት ግድግዳ አይሆንም።

ጂፕሰም ቦርድ፦ ተራው ነጩ ለሳሎን ነው። አረንጓዴው እርጥበት እንዲቋቋም ተደርጎ የተሠራ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ቃል እንለይ፤ «እርጥበት ይቋቋማል» እና «ውሃ አያሳልፍም» አንድ አይደሉም! የመጀመሪያው እንፋሎት ይችላል ማለት ነው። ሁለተኛው ሻወር ይወርድበት ማለት ነው። ጂፕሰም ውሃ ከጠጣ ይለሰልሳል። አረንጓዴው ቦርድም ሻወር ሥር የሚገባ ከሆነ ላዩ ላይ ውሃ መከላከያና ሴራሚክ ሊደረብበት ይገባል። ብዙ ሻጭ ይህንን አይለይም፤ እናንተ ለዩ።

ፒቪሲ፦ ውሃ አይጠጣም፣ አይበሰብስም፣ ምስጥ አያገኘውም፣ በቀላሉ ይጸዳል። አንድ ሰው በአንድ ቀን ሊገጥመው ይችላል። ችግሩስ? አብዛኛው ውስጡ ክፍት የሆነ ስስ ፕላስቲክ ነው፤ በጉልበት ቢደገፉት ይሰነጠቃል። ሙቀት አይወድም፤ ይጣመማል። ቢቃጠል የሚያወጣው ጭስ ደግሞ መርዝ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ሻማ ለኩሰን ግድግዳ ሥር የምናስቀምጥ ሰዎች ይህንን ልብ እንበል።

ሴራሚክ፦ ንጉሡ ይኸ ነው። ግን ንጉሥ ዙፋን ይፈልጋል። ከባድና ደረቅ ነገር ነው። የጭቃ ግድግዳ ደግሞ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰበሰባል፤ ይንቀሳቀሳል። ሴራሚኩ አብሮት አይንቀሳቀስም፤ አንድ ቀን «ጧ!» ብሎ ይወርዳል። ብሎኬት ወይም ደህና የሲሚንቶ ልስን ላይ ነው ቦታው። በሴራሚኩና በሴራሚኩ መሃል ያለችው መስመርም ውሃ ታሳልፋለች፤ ስለዚህ ከሥሩ ውሃ መከላከያ ያስፈልገዋል።

ሲሚንቶ ልስን ከውሃ መከላከያ ጋር፣ ላዩን ዘይት ቀለም፦ ይኸ የፋራ ምርጫ ነው ይባላል። ፎቶ ላይ አያምርም። እስቲ ቆዩት፤ እንመለስበታለን።

ካቻቢቴዋ የገባችበት ቦታ

አንድ ሽማግሌ ግንበኛ አሉ፤ የሰፈራችን ሰው። ፒቪሲውን ከመግዛቴ በፊት ለካ ይስጡኝ ብዬ ጠራኋቸው። ክፍሉ 1.5 በ2 ሜትር ነው፤ ቁመቱ 2.2። ዙሪያው 7 ሜትር ሲሆን በ2.2 ስናባዛው 15.4 ካሬ። በሩ ሲቀነስ 14 ካሬ ይቀራል። ለቁርጥራጭ 10 በመቶ ስንጨምር 15 ካሬ ተኩል ገደማ። (ይህችን ስሌት ያዟት፤ ሱቅ ውስጥ «20 ካሬ ይበላል» የሚል አይጠፋም።)

እሳቸው ግን ከሜትሩ በፊት ከኪሳቸው ያወጡት ካቻቢቴ ነበር። በጓሮው በኩል ያለውን ግድግዳ እግሩ ጋ ወጋ አደረጉት። ካቻቢቴዋ እስከ እጀታዋ ገባች! ቅቤ ውስጥ የገባች ነው የምትመስለው።

«ልጄ፣ ይኸንን ነው የምታለብሽው?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ፒቪሲ ውሃ አያስገባም ብለውኛል እኮ።»

«ከፊት አያስገባም። ከኋላ የገባውንስ ማን ያስወጣዋል?»

መልስ አልነበረኝም። እሳቸው ቀጠሉ። ሁለት የስኳር ላስቲክ አስመጡና አንዱን በጓሮው ግድግዳ፣ አንዱን ከመኝታ ቤቱ ጋር በሚያዋስነው ግድግዳ ላይ ዙሪያቸውን በፕላስተር ጥብቅ አድርገው ለጠፏቸው። «ሁለት ቀን እንዳትነኩት» ብለው ሄዱ።

ይህች ዘዴ ምንም አታስወጣም፤ እናንተም ቤት ሞክሯት። ሁለት ቀን ቆይታችሁ ስታዩት ጤዛው ከላስቲኩ ጀርባ፣ ማለትም ከግድግዳው በኩል ከሆነ፣ እርጥበቱ ከግድግዳው ውስጥ ነው የሚመጣው። ከላስቲኩ ፊት፣ ከክፍሉ በኩል ከሆነ፣ ችግሩ የእናንተው የሻወር እንፋሎት ነው፤ አየር መውጫ የለውም ማለት ነው። በሁለቱም በኩል ደረቅ ከሆነ እሰየው!

የጓሮው ግድግዳ ላስቲክ ከጀርባው ውሃ ቋጥሮ ተገኘ። የመኝታ ቤቱ በኩል ደረቅ ነበር። የበሽታው ስም ታወቀ። ሻጋታውን ያመጣው የእማዬ ገላ መታጠብ አልነበረም፤ እነዚያ 150 በርሜሎች ነበሩ።

ግንበኛው ፍርዳቸውን ሰጡ። የጓሮው ግድግዳ ፈርሶ በድንጋይ መሠረት ላይ በብሎኬት ይሠራ። ጣሪያው አሸንዳ ይግባለት። ውሃው በቦይ ከቤቱ ይራቅ። ይህ ሁሉ ሲሆን ደግሞ ከብሩ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ሙሉ ፒቪሲውና ኮርኒሱ አይቻልም።

ስልኩ ላይ የሆነው

ለእህቴ በኢሞ ደወልኩላት። ነገርኳት። ዝም አለች። ከዚያ ፈነዳች።

«እኔ ለድንጋይና ለቦይ ነው እንዴ ብሬን የላክሁት? ምን ይታያል አሁን? ፎቶ ላይ ምን ይታያል?»

«እትዬ፣ ካቻቢቴ እኮ ነው የገባበት...»

«አንቺ አታውቂም! እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ሻወር ቤት ነው ያጠብኩት። በየቀኑ ያንን ነጭ ግድግዳ ስወለውል ምን እንደማስብ ታውቂያለሽ? እናቴ አንድ ቀን እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ቆማ ትታጠብ እላለሁ። አንድ ቀን! ይኸንን ነው የከለከልሽኝ።»

እውነቷን ነው። ምን ትሉታላችሁ? ያ ነጭ ግድግዳ ለእሷ ፕላስቲክ አይደለም። የሁለት ዓመቱ ድካም ማረፊያ ነው። በዚያኛው ጎን ደግሞ የበሰበሰ እንጨት አለ። ላዩን ብንሸፍነው የዛሬ ሁለት ዓመት ግድግዳው ከነልባሱ ወደ ጓሮ ይሄዳል፤ ምናልባትም ሰው ውስጡ እያለ።

የወሰነችው እማዬ ናት። ስልኩን ተቀበለችኝና ጮክ ብላ (ስልክ ላይ ሁሌም ትጮሃለች) እንዲህ አለቻት። «የኔ ልጅ፣ እኔ ጉልበቴ ሲከዳኝ የምይዘው ነገር ነው የምፈልገው። የምይዘው ነገር ስጪኝ።»

ይህ ንግግር ነገሩን ሁሉ ቆረጠው። ለምን መሰላችሁ? ሽማግሌ ወይም አሮጊት ያለበት ሻወር ቤት ዋናው ነገር የብረት መያዣው ነው። ከመቀመጫ ሲነሱ፣ ሲያንሸራትታቸው፣ የሚጨብጡት። ይህ ብረት ደግሞ ስስ ፒቪሲ ላይ በቡሎን አይታሰርም፤ ሰው ሲንጠለጠልበት ልባሱን ይዞ ይመጣል። የበሰበሰ የጭቃ ግድግዳም አይሸከመውም። ቡሎኑ አልፎ የሚነክሰው ጠንካራ ነገር ከኋላ መኖር አለበት። እህቴ ይህንን ስትሰማ ድምጿ ተለወጠ። «እሺ... ብሎኬቱን ሥሩ» አለች። አለቀሰችም መሰለኝ።

እንዴት ተሠራ?

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ ብዙ ሰው የሚገለብጠው እሱን ነው።

ሥራው የተጀመረው ከውጭ ነው። አሸንዳ ገባ፤ መውረጃው ወደ ቦይ ተለቀቀ፤ ቦዩ ከቤቱ ወደ ታች እንዲያዘቀዝቅ ተቆፈረ። ከዚያ የጓሮው ግድግዳ ፈርሶ፣ ውሃ ልኩ በድንጋይ ከመሬት ከፍ ተደርጎ ብሎኬት ተገነባ። ብረት መያዣው የሚታሰርበት ቦታ ላይ የብሎኬቱ ቀዳዳ በኮንክሪት ተሞላ። ከላይ ትንሽ መስኮት ተከፈተች፤ ሁሌም ክፍት የምትሆን፤ እንፋሎቱ የሚወጣባት።

ቀጥሎ ያ የፋራ ምርጫ ያልነው መጣ። አንድ እጅ ሲሚንቶ በሦስት እጅ አሸዋ፣ ከውሃ መከላከያ ጋር ተቀላቅሎ ተለሰነ። ለሳምንት ውሃ እየተረጨ እንዲጠና ተደረገ። (ልስን ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል፤ ግንበኛ ሲያጣድፋችሁ እምቢ በሉ።) በሩ ያለበት ጭቃ ግድግዳ ደህና ስለነበር የዶሮ ሽቦ ተመትቶበት ነው የተለሰነው፤ ሽቦው ልስኑን ይይዘዋል። ሁሉም በደንብ ከደረቀ በኋላ ዘይት ቀለም ተቀባ። ወለሉ ልሙጥ ሳይሆን ሸካራ ሆነ፤ ወደ ውሃ መውረጃው ጋደል ያለ።

መጨረሻ ላይ የተረፈችውን ብር ቆጠርን። ለአንድ ግድግዳ ፒቪሲ ትበቃለች። 2 በ2.2 ሜትር 4.4 ካሬ ነው፤ ከቁርጥራጩ ጋር 5 ካሬ። የት ይሁን? እዚያ ላስቲኩ በሁለቱም በኩል ደረቅ ሆኖ በተገኘበት፣ በመኝታ ቤቱ በኩል ባለው ግድግዳ። ሞራሌ ተመትቶ ነጭ የሚያብረቀርቀው ተገጠመ፤ ጠርዝ ጠርዙ በሲሊኮን ተዘጋ። መስታወት ተሰቀለበት፤ ግን ሚስማሩ የተመታው ፒቪሲው ላይ ሳይሆን ሞራሌው ላይ ነው።

እማዬ እዚያ ነጭ ግድግዳ አጠገብ ነጠላዋን አጣፍታ ቆመች። ፎቶ ተነሳች። ተላከ። እህቴ የመለሰችው ሁለት ቃል ነበር፤ «ብረቱንም አንሺልኝ።»

እናንተ ቤትስ?

እኔ ከገጠር ከተማ ነኝ፣ እናንተ ደግሞ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ላይ ናችሁ እንበል። «የእኛ ግድግዳ ብሎኬት ነው፣ ይኸ ወሬ አይመለከተንም» እንዳትሉ! አንዲት ወዳጄ ተከራይታ በምትኖርበት ኮንዶሚኒየም የመታጠቢያ ቤቷ ግድግዳ ቀለሙ እየተላጠ አስቸገራት። ከኪሷ አውጥታ ፒቪሲ አስለበጠችው። ሦስት ወር አማረ። ከዚያ ሽታ መጣ፤ እርጥብ ጆንያ የመሰለ ሽታ። ልጇም ሌሊት ሌሊት ማሳል ጀመረ። ሲከፈት ከልባሱ ጀርባ ያለው ግድግዳ ጥቁር ሆኗል። ለካ ከላይ ፎቅ ያለው ቧንቧ ያንጠባጥባል! ድሮ ቀለሙ ሲላጥ ግድግዳው እየጮኸ ነበር፤ ልባሱ አፉን አፈነው።

ሻጋታን እንደ ተራ ቆሻሻ አትዩት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 (እ.ኤ.አ.) በቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ ላይ መመሪያ አውጥቷል። እርጥበትና ሻጋታ ባለበት ቤት የሚኖር ሰው ለመተንፈሻ አካል ችግርና ለአስም ይበልጥ እንደሚጋለጥ ይናገራል። ሕፃን ያለበት ቤት ከሆነ ነገሩ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ተከራይ ከሆናችሁ ልባስ ከመግዛታችሁ በፊት ላስቲኳን ለጥፉ። እርጥበቱ ከግድግዳው ከመጣ ፎቶ አንስታችሁ ለአከራያችሁ አሳዩ፤ የእሱ ቧንቧ በእናንተ ኪስ አይሸፈን። እርጥበቱ የእንፋሎት ከሆነ መስኮት ክፈቱ፣ ከታጠባችሁ በኋላ ግድግዳውን በጨርቅ አድርቁ፤ ምናልባት ምንም መግዛት አያስፈልጋችሁም። ባለቤት ከሆናችሁ ከጣሪያ ጀምሩ፣ ወደ መሬት ውረዱ፣ ልባሱን መጨረሻ አድርጉት።

አዲስ ተጋቢዎችም እዚህ ላይ አንድ ነገር ስሙኝ። መታጠቢያ ቤት ስታሠሩ መጣላታችሁ አይቀርም፤ ሁሉም ይጣላል። እሱ ቧንቧ ይላል፣ እሷ ቀለም ትላለች፣ ወይም ተገላቢጦሹ። በዚያ ሰዓት «አንተ ውበት አይገባህም»፣ «አንቺ ለታይታ ነው» መባባሉን ተዉትና ካቻቢቴ ይዛችሁ ግድግዳውን አንድ ላይ ውጉት። ካቻቢቴው ካልገባ የወደዳችሁትን አልብሱት፤ እብነበረድ የሚመስለውን፣ አበባውን፣ የፈለጋችሁትን። ከገባ ግን መጀመሪያ ሁለታችሁም ለግንበኛው ታዘዙ።

እህቴ ዘንድሮ ወይም ከርሞ ትመጣለች ብለን እንጠብቃለን። የቀሩትን ሦስት ግድግዳዎች በምን እንደምታለብሳቸው እሷ ትምረጥ ተብሏል። ግድግዳዎቹ ደረቅ ናቸው፤ የቀለሙ ምርጫ የሷ ነው።

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ፣ ቤታችሁ ይድረቅ፣ ፍቅራችሁ ይለምልም። ቸር ሰንብቱ!